ወንበሩ ጧ ሲል

መስከረም 14

ዛሬም ያው ነው። ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሸራ ስሰፋ ዋልኩ። ጣቴን ሁለቴ ወጋሁት። ምሳዬን እንደቀዘቀዘ በላሁ።

አጎቴ ያንን አሮጌ አውቶቡስ ከገዛ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለ ወንበር ብቻ ነው። አውቶቡሱ ሞተር አለው፣ ጎማ አለው፣ ጣሪያም አለው... መቀመጫ የለውም። በፊት ዶሮ ይጫንበት ነበር መሰለኝ፣ እስካሁን ላባ እየጠረግን ነው። እትዬ፣ የአጎቴ ሚስት፣ የቤቱም የድርጅቱም ገንዘብ ያዥ፣ አዲስ ወንበር የሚሸጡት ጋ ሄዳ ዋጋ ጠይቃ መጣች። ቁጭ አለች። ውሃ ጠጣች። ከዚያ፣ «ወንበሩን ከምንገዛ ተሳፋሪውን በየተራ አዝለን ብናደርስ ይቀለናል» አለች።

የአጎቴ ሐሳብ ቀላል ነው። ከታክሲ በጣም የረከሰ አውቶቡስ። ልብስ አጣቢዋ፣ የጥበቃው ሰውዬ፣ ተማሪው፣ ገበያ የምትውለው ሁሉ በእግር መሄድ የሚተዉበት። ስለዚህ ነገር ሲያወራ ቁመቱ ይጨምራል። ድሮም የስልክ እንጨት ነው።

እኔም ሐሳብ አለኝ። አንድ ብቻ። መንዳት! የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት አልፎኛል። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ራሷ መጠበቅ ሰልችቷታል። ዛሬም ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የምነዳው?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ዓመቱን ሙሉ ይቺው ናት መልሱ። እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ይኸው ጡረታ ሊወጣ ነው።

መስከረም 19

ወንበር ተገኘ! የት? ሲኒማ ቤት!! እየሳቅኩ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ሁሉ ተንጋዷል።

መሀል ከተማ ያለው አሮጌው ሲኒማ ቤት ሊፈርስ ነው አሉ። አጎቴ ወንበሮቹን በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ጠቅልሎ ገዛቸው። ቀይ ከፋይ! የእንጨት ክንድ! ጀርባቸው ላይ ረድፍና ቁጥር አላቸው። ሰው ሲነሳ ደግሞ መቀመጫው ራሱን አጥፎ «ጧ!» ይላል።

ብሎን አንድ በአንድ ሞከራቸው። መካኒካችን ነው። ማንኛውንም ነገር ፈትቶ ሲገጥም አንድ ብሎን ይተርፈዋል፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ቁጭ ይላል፣ ይነሳል፣ ጧ። ቁጭ ይላል፣ ይነሳል፣ ጧ። ጎረቤታችን በሸሚዝ ብቻ ሮጦ መጣ። «ማን ተኮሰ?»

እኔ ከሰዓቱን ሙሉ ከወንበር ስር ማስቲካ ስፍቅ ዋልኩ። የሦስት ትውልድ ማስቲካ። አንድ ማበጠሪያና አንድ የጆሮ ጌጥም አገኘሁ። ባለቤቷ ምን ዓይነት ፊልም እያየች ይሆን የጣለችው?

ጥቅምት 2

የመጀመሪያው ቀን! እግሬ መሬት አይነካም።

አውቶቡሱ ጎን ላይ በትልቁ «ንስር» ተብሎ ተጽፏል። አጎቴ ነው ስሙን ያወጣው። እትዬ ስታየው፣ «ንስር? ይሄ ዳገት ላይ የሚያስለው?» አለች። አኮረፈ። ግን አጎቴ ማኩረፍ አይችልበትም፣ ሞተሩን ሲያስነሳ ረሳው።

እኔ ቲኬት ቆራጭ ነኝ። የመጀመሪያው ተሳፋሪ አንድ ልስን ሠራተኛ ነበር፣ እስከ ቅንድቡ ነጭ። ወጣ፣ ወንበሮቹን አየ፣ ቆመ። ወደ እኔ ዞሮ በጣም በትህትና፣ «እህቴ፣ ፊልሙ ስንት ሰዓት ይጀምራል?»

በሳቅ ፈረስኩ። ቲኬቱን ገልብጬ ሰጠሁት።

ጥቅምት 8

ሰዎቹ ምን እንደሚሆኑ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ ሲገፋፉና ሲጨቃጨቁ የምናውቃቸው ሰዎች እኛ ጋ ገብተው ቀዩ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ዝም ይላሉ። ፊታቸውን ወደ ፊት ያደርጋሉ። ኦቾሎኒ ያወጣሉ። የፊቱን መስታወት እንደ ፊልም ያያሉ!

ዛሬ አንድ ባለጋሪ መሀል መንገድ ላይ ገባ። ከኋላ በሹክሹክታ...

«አሁን ይገጨዋል።»

«አይገጨውም። ዋናው ተዋናይ እኮ ነው።»

«ባለጋሪው?»

«ሹፌሩ ነው እንጂ!»

አጎቴ ጆሮው ቀላ። ማታ እትዬን፣ «ጀርባዬን በዓይናቸው በሱት» ሲላት ሰማሁ። ደስ ብሎታል ግን። ሸሚዙን ራሱ ተኩሷል።

ጥቅምት 17

ደወል የለንም። የደወሉ ገንዘብ «ንስር» የሚለውን ለማስጻፍ ወጣ። መጀመሪያ ሰዉ «ወራጅ አለ!» እያለ ይጮህ ነበር፣ ሞተሩ ደግሞ ይበልጠዋል። አሁን ማንም አይጮህም። ወራጁ ይነሳል፣ ወንበሩ ጧ ይላል፣ አጎቴ ይቆማል። ከመጨረሻው ረድፍ ቢሆን እንኳ ይሰማል። «ደወሉ ጆሮዬ ውስጥ ነው» ይላል እየተኩራራ።

ችግሩ ምንድን ነው... ተነሳህ ማለት ወረድክ ማለት ነው። አንዴ ጧ ካለ መመለስ የለም። አጎቴ ፍሬን ይይዛል፣ በሩ ይከፈታል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ተባብሮ መንገድ ይለቃል፣ ዕቃ ያቀብላል፣ ይደግፋል። ዛሬ አንድ ሰውዬ ጓደኛውን ሰላም ሊል ብድግ አለ። ጧ! ሳያስበው አስፋልት ላይ ቆሟል። «ኧረ እኔ ወራጅ አይደለሁም!» ቢል ማን ሰምቶት። ጓደኛው በመስኮት እጁን እያውለበለበ አለፈ።

አጎቴን ነገርኩት። «ካልወረደ ለምን ተነሳ?» አለኝ።

ኅዳር 6

«ንስር» የሚለን አንድም ሰው የለም። ፌርማታ ላይ የቆመው ሁሉ «ሲኒማ መጣች!» ነው የሚለው። «በሲኒማ ነው የመጣሁት»፣ «ሲኒማ አለፈችኝ»። አጎቴ ለሁሉም «ንስር ነው! ንስር!» እያለ ያርማል። እትዬ፣ «ተወው፣ ሰው ያወጣውን ስም በቀለም አታጠፋውም» ብትለው ሁለተኛ ቀለም ቀባበት። ጎልቶ እንዲታይ።

አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አሉን፣ አባባ ነው የምንላቸው። ረድፍ ለ ቁጥር 4 ካልተያዘላቸው አይሳፈሩም። ትናንት ለምን እንደሆነ ነገሩኝ። ባለቤታቸውን «ታገቢኛለሽ?» ያሏት እሷ ወንበር ላይ ሆነው ነው። ፊልሙ ምን ነበር ብላቸው፣ «ማን አየው» አሉ።

ብሎን ሰምቶ ምን አደረገ? ጋራዥ ከተከመረው ውስጥ ቁጥር 5ን ፈልጎ አጠገቡ ገጠመላቸው። ዛሬ ሚስታቸውን ይዘው መጡ። ሁለቱም ኦቾሎኒ ይዘዋል። እኔ ቲኬት መቁረጥ አቅቶኝ መስኮት መስኮት አየሁ።

(አንድ ብሎን ተረፈው። ለእኔ ሰጠኝ። ምን ላድርገው? ኪሴ ውስጥ ነው።)

ኅዳር 21

ሁለተኛ አውቶቡስ ተገዛ! ከፊተኛው ይሻላል፣ ዶሮ ጭኖ አያውቅም። የተረፉት ቀይ ወንበሮች ተገጠሙለት። ግን ሥራ መጀመር አልቻለም። የመስመር ፈቃዳችን ለአንድ አውቶቡስ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ ተሳፍሮ፣ አይቶ ካልፈቀደ ሁለተኛው ለሥራ ከጋራዥ አይወጣም።

ሁለተኛው ከወጣ ደግሞ... ሹፌር ይፈልጋል!! ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን ማን ይነዳዋል?»

«አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጠይቆኛል። ልምድ ያለው ነው።»

«እኔስ?»

«ቀስ በቀስ...»

አላስጨረስኩትም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። የወንበሩን ሸራ ጠማማ አድርጌ ሰፋሁት። ይበለው። ቆይቼ ፈትቼ አቃናሁት፣ የሚቀመጥበት ሰው ምን አደረገኝ።

ኅዳር 28

አኩርፌያለሁ። አጎቴ የማያኮርፈውን እኔ እያኮረፍኩለት ነው። ተቆጣጣሪው ሐሙስ ይመጣል።

ታኅሣሥ 3

ከየት ልጀምር? አይ፣ በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት እትዬ እኔን ተክታ ቲኬት ልትቆርጥ ሄደች፣ ለወግ ማዕረጉ። እኔ ጋራዥ ቀርቼ ሁለተኛውን አውቶቡስ እንዳጸዳ ተነገረኝ። እንዳኮረፍኩ አጸዳሁ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ግን አልተቀመጥኩም። የሰው ነዋ!

ረፋዱ ላይ ስልክ ጮኸ። እትዬ ናት። ከጀርባዋ ሰው ሁሉ ያወራል።

«ሰውየውን አወረድነው!»

«የቱን ሰውዬ?»

«ተቆጣጣሪውን! ባርኔጣው ብቻ ነው የቀረን!»

ለካስ ነገሩ እንዲህ ነው። ተቆጣጣሪው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ «ደወል የለውም» ብሎ ጽፎ፣ የጣሪያውን መስኮት ቀረብ ብሎ ሊያይ ብድግ አለ። ጧ! አጎቴ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ እንደ ልማዳቸው «መንገድ ስጡት፣ ወራጅ ነው፣ ቀስ፣ ቀስ» ብለው ደግፈው አወረዱት። ቦርሳውን በመስኮት አቀበሉት። «ቆይ እንጂ! እኔ እኮ...» ይላል ሰውየው። «በሰላም ግባ ወንድሜ» ይላሉ እነሱ። እትዬ ከኋላ መልስ እየሰጠች ነበር። ቀና ስትል ወንበሩ ታጥፏል፣ ባርኔጣው ከጎኑ ተንጠልጥሏል። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። መዞሪያ የለው።

«ምን እናድርግ?» አልኳት።

ከስልኩ ውስጥ የአጎቴ ድምፅ ከሩቅ መጣ። «እሷ ታምጣው በያት! ሁለተኛውን ታውጣው!»

ምን? እሷ ማለት እኔ?

አውቶቡሱ የሙከራ ሰሌዳ አለው፣ መንገድ ላይ መውጣት ይችላል፣ ሰው መጫን ብቻ ነው የማይችለው። ሮጬ ወጣሁ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ... እግሬ ፍሪሲዮኑን ረገጠው። ልክክ አድርጎ። እኔ አጭር ነኝ፣ የአጎቴ አውቶቡስ ላይ ተደብቄ ስሞክር ሁልጊዜ የእግሬ ጣት ጫፍ ብቻ ነበር የሚደርሰው። ይሄኛው ግን ልክ በልኬ ነው። መሪውም፣ መስታወቱም። ብሎን በሩን ሊከፍት ቆሟል።

«ይሄን ወንበር ማን አስተካከለው?»

«እኔ።»

«ለማን?»

«አለቃ ነው ያዘዘኝ። አውቶቡሱ የተገዛ ዕለት። 'በእሷ ልክ አድርገው፣ እንዳትነግራት፣ ፈቃዱ ባይወጣ ልቧ ይሰበራል' አለኝ።»

«የከባድ መኪናው ሹፌርስ?»

«የምን ሹፌር?»

አለቀስኩ? ትንሽ። ሳቅኩም። ሁለቱንም እያደረግኩ ማርሽ አስገባሁ።

ወጣሁ! መንገዱ ላይ ወጣሁ! ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ መንገደኛ ላሳልፍ ብቆም በሩን ራሳቸው ከፍተው ገቡ። አባባና ሚስታቸው (ወንበራቸው እዚህ እንደሌለ እያወቁ)፣ ልስን ሠራተኛው፣ ጥቅል የያዙ ሴቶች።

«ሰው አልጭንም! ባዶዬን ነው የምሄደው!»

«እኛ ስንገባልሽ ባዶ መሆንሽ ይቀራል» አሉኝ አንዷ፣ እየተቀመጡ። ቲኬት ሊገዙ እጃቸውን ዘረጉ። «ዛሬ በነፃ ነው» አልኩ። ምን ልበል? ኦቾሎኒ ወጣ። ዓይኖቻቸው ጀርባዬ ላይ ተተከሉ።

ተቆጣጣሪው አደባባዩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆሟል። መላጣው ያበራል። ከሩቅ ነው ያየሁት። በሩን ከፈትኩ። አየኝ። አውቶቡሱን አየው። ወንበሮቹን አየ። ያመነታ መሰለኝ።

«ይግቡ ጌታዬ፣ ቢሮዎ ላድርስዎ።»

ቦርሳውን አቅፎ ገባ። ከአባባ ፊት ባለው ወንበር ተቀመጠ።

ትንሽ እንደሄድን ኳስ መንገዱን አቋረጠ። ከኳስ በኋላ ምን እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ገና ኳሱን ሳየው ፍሬን ይዣለሁ፣ ቀስ፣ ለስለስ አድርጌ። ልጁ ሮጦ አለፈ። ከዚያ... አጨበጨቡ! እውነቴን ነው፣ እንደ ፊልም! መስታወቱ ውስጥ አየሁ፣ ተቆጣጣሪውም እያጨበጨበ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እጆቹን ቶሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ተነሳ። ጧ! ቆምኩ። ሳላስበው። ተሳፋሪዎቹ መንገድ ለቀቁ። እሱ ግን አልወረደም። ወንበሩን እያየ ቆየ። በእጁ ዘረጋው፣ ለቀቀው። ጧ። እንደገና። ጧ። አባባ «ይበቃል፣ ይሰበራል» አሉት።

«የእናንተ ወንበር ዛሬ ሁለት ጊዜ አወረደኝ» አለኝ። «አንዴ ሳልፈልግ፣ አንዴ ስፈልግ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «ሹፌሯ አንቺ ነሽ?» አለ።

እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። «አዎ» አልኩ። አፌን ሞልቼ!

«ባርኔጣዬን ላኩልኝ» ብሎ ወረደ።

ፈቀደ? አልፈቀደ? አላውቅም። ማታ አጎቴን አገኘሁት። «ወንበሩ ይመቻል» አልኩት። «እህ» አለ። ጫማውን ሲያወልቅ ግን ያፏጭ ነበር። አጎቴ ደግሞ አያፏጭም።

ታኅሣሥ 18

ተፈቀደ! ተፈቀደ! ተፈቀደ! ጮቤ ረገጥኩ፣ እትዬን አቅፌ አዞርኳት፣ እሷ «ኧረ ወገቤን!» እያለች ትስቃለች።

ሁለት ማሳሰቢያ አለ። አንደኛ፣ በዓመት ውስጥ ደወል ይገጠም። ሁለተኛ፣ ተሳፋሪን «ያለ ፈቃዱ ማውረድ ክልክል ነው»። ፈቃዱ ላይ የድርጅቱ ስም ደግሞ... «ሲኒማ አውቶቡስ»! ቢሮ ውስጥ ያሉት ሁሉ በሲኒማ ነው የሚሄዱት፣ ሌላ ስም እንዳለን የሚያውቅ የለም። አጎቴ ደጋግሞ አነበበው። ወጣ። ብሩሽና ቀለም ይዞ ተመለሰና ንስሩን በገዛ እጁ አጥፍቶ «ሲኒማ» ብሎ ጻፈበት። «ሲ» ላይ ቀለሙ ፈሰሰ።

ነገ እነዳለሁ። ነገ!

ታኅሣሥ 19

ነዳሁ።

ሐምሌ 9

ይሄን ደብተር ዕቃ ስናዛውር አገኘሁት። ስንት ዓመት ዘለልኩ? ለካስ የሚነዳ ሰው ማስታወሻ አይጽፍም፣ ማታ እንደ ድንጋይ ይወድቃል።

ጠቅለል ላድርገው። ሲኒማ አሁን ከተማውን ሁሉ ያዳርሳል። የአውቶቡሶቹ ሁሉ ወንበር ቀይ ነው። ጋሪ የሚገፉትም፣ ክራባት ያሰሩትም ይሳፈራሉ፣ እስካሁን ከሁሉም የረከስን ነን። ሴት ሹፌሮቻችን ብዙ ናቸው፣ ወንበር በልካቸው የሚገጥምላቸውም ብሎን ነው። ብሎን አሁን ባሌ ነው። ቀለበት ያደረገልኝ ዕለት እትዬ በብርሃን ገልብጣ እያየች፣ «ከሞተር የተረፈ እንዳይሆን ብቻ» አለች።

አንዱ ተወዳዳሪ ድርጅት ታጣፊ ወንበር አሠርቶ ነበር። የእሱ ግን ሲታጠፍ «ጢስስ» ነበር የሚለው። ከሰረ።

አጎቴ መንዳት አቆመ። ጉልበቱ እምቢ አለው፣ ሐኪሙም ከለከለው። ቤት ውስጥ እትዬን «አሁን ስንት ሰዓት ነው? ሰባተኛው አውቶቡስ ድልድዩ ጋ ደርሷል» እያለ ያደርቃታል። ተሳፍረህ ና ብንለው በጄ አላለም። «የራሴን አውቶቡስ በቲኬት?»

ነገ ደግሞ አዲሶቹ ይገባሉ። የፋብሪካ ወንበር፣ ለስላሳ። መውረጃው በቁልፍ ነው፣ ሲጫኑት «ቲን» ይላል። ያኔ የታዘዝነውን ደወል ገጥመን ነበር፣ ግን ማንም ነክቶት አያውቅም። ቀዮቹ ወንበሮች አርጅተዋል፣ ከእንግዲህ አይጠገኑም፣ ብሎንም ተስፋ ቆርጧል። ደስ ብሎኛል... አይደል? ደስ ብሎኛል። ረድፍ ለ 4 እና 5ን ግን ለአባባ ቤታቸው ወስደን ሰጠናቸው። ሳሎን ውስጥ ተገጥመዋል።

ሐምሌ 10

አዲሱን እኔ አወጣሁት። ድምፅ የለውም፣ ይንሸራተታል። ሰዉም ስልኩን ነው የሚያየው፣ ማንም ወደ ፊት አያይም። ትንሽ ከፋኝ። ትንሽ ብቻ።

ሰፈራችን ፌርማታ ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ ቆሟል። የተተኮሰ ሸሚዝ። አጎቴ! ቲኬት ቆረጠ፣ በገዛ ገንዘቡ። ከኋላዬ ተቀመጠ። ሰላም እንኳ አላለኝም፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ከፊቴ ብስክሌት ሲገባ እሱም ከኋላ እግሩን ወለሉ ላይ ጫን ያደርጋል፣ በመስታወት አየዋለሁ። ሳቄን ዋጥኩት። ኪሱ ውስጥ ገብቶ ምን አወጣ? ኦቾሎኒ።

ገበያው ጋ መውረጃው ደረሰ። ቁልፉ ከጎኑ ነው፣ ቀይ፣ ትልቅ። አየው። አልነካውም። አሁን ያልፈዋል ብዬ ስጠብቅ ብድግ አለና በአፉ፣ ጮክ ብሎ፣

«ጧ!»

ስልክ የሚያዩት ሁሉ ቀና አሉ። የድሮ ደንበኞች ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እኔ? እግሬ ቀድሞኝ ፍሬን ይዟል። እንባዬ ይወርዳል፣ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ያለ ማንም ትእዛዝ መንገድ ለቀቁለት፣ ደገፉት፣ ፌስታሉን አቀበሉት።

አስፋልቱ ላይ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ወደ እኔ ቀና አለ። በሩን ሳልዘጋ አየሁት። መሄድ አልቻልኩም።

«ቀስ በቀስ ጋሼ» አልኩት። «እንቁላል...»

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። «ንጂ እንጂ!»